ሮም ለብቻ፦ የፒያሳ ምልልስ

ደሴ፣ ፒያሳ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ። ተነጋጋሪዎቹ ሦስት ናቸው፦ ኮምቦልቻ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ጥራት የምትቆጣጠር ወጣት፤ ሮም ውስጥ አረጋውያን እየተንከባከበች ዓመታት ኖራ የተመለሰች አክስቷ፤ አክስቲቱን በልጅነቷ ታሪክ ያስተማሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ መምህር። መምህሩ ሳይጠሩ መጥተው ነው የተቀመጡት፤ ደሴ ላይ ይህ ነውር አይደለም።

ልጅቷ፦ ሥልጠናው ሚላኖ አጠገብ፣ ቤርጋሞ ነው፤ ሐሙስ ቀትር ላይ ያልቃል። ዓርብ፣ ቅዳሜና እሑድ የራሴ ናቸው፤ እሑድ ማታ ከሮም እበራለሁ። እና አንድ ቀን ቬኒስ፣ አንድ ቀን ፍሎረንስ፣ አንድ ቀን ሮም ብዬ ጽፌዋለሁ።

አክስት፦ እስቲ ወረቀቱን አምጪው። (ታነባለች።) ይኼ ሽርሽር ነው ወይስ የጭነት መኪና ስምሪት?

ልጅቷ፦ ባቡሩ ፈጣን ነው አሉኝ፣ እትዬ።

አክስት፦ ባቡሩማ ፈጣን ነው። ከሚላኖ ሮም ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በሦስት ሰዓት ገደማ ያደርስሻል። ከዚህ አዲስ አበባ ያለውን 400 ኪሎ ሜትር ስንት ሰዓት እንደምትቀመጪበት ደግሞ ራስሽ ታውቂዋለሽ። ነገር ግን በየከተማው ሻንጣ የምታስቀምጪበት ትፈልጊያለሽ፣ አልጋ ትቀይሪያለሽ፣ ጣቢያ ውስጥ ቆመሽ ሰሌዳ ላይ ታንጋጥጫለሽ። ስትመለሺ የምታወሪን ስለ ባቡር ጣቢያ ይሆናል። አንድ ከተማ ያዢ። ሐሙስ ማታ ሮም ግቢና እዚያው ሰንብቺ። ቬኒስ ለሌላ ጊዜ ይቆይሽ።

መምህር፦ ሌላ ጊዜ ስትያት! ሌላ ጊዜ ቪዛውን ማን ይሰጣታል?

አክስት፦ መምህር፣ ገና ሳትሄድ አያስፈራሯት።

መምህር፦ ማስፈራራት አይደለም፤ የወጣ ውሳኔ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ለእኛ ሰው የቪዛውን ደንብ አጠበቀው። በ15 ቀን ይወሰን የነበረው ማመልከቻ 45 ቀን ሆነ። ደጋግሞ የሚያስገባውም ቪዛ ቀረ፤ አንድ ጊዜ ገብተሽ ከወጣሽ አለቀ። የሰጡት ምክንያት፣ መንግሥት ያለ ፈቃድ እዚያ የሚኖሩ ዜጎቹን ለመመለስ አልተባበረም የሚል ነው።

ልጅቷ፦ እነሱ ከመንግሥት ጋር ተጣሉ፤ የእኔ ሦስት ቀን ምን አደረጋቸው?

መምህር፦ ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይባል የለ።

አክስት፦ ሣር ነሽ ተብሎ መተኛት ግን የለም። አንቺ ካሰብሽው ቀን አስቀድመሽ አመልክቺ፤ ከስድስት ወር በፊት ጀምሮ ይቀበላሉ። ክፍያው 90 ዩሮ ነው፤ ቢከለክሉሽም አይመለስም። የጉዞ መድን ያስፈልግሻል፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን። ፓስፖርትሽ ከምትመለሺበት ቀን በኋላ ሦስት ወር የሚቆይ ይሁን። ደግሞ ስሚኝ፤ ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ይኼ ነው። የሥልጠናው ደብዳቤ እስከ መቼ ይላል?

ልጅቷ፦ እስከ ሐሙስ።

አክስት፦ በቃ! ወረቀትሽ ሐሙስ ላይ ካበቃ ቪዛሽም ሐሙስ ላይ ሊያበቃ ይችላል። የሮሙን አልጋ የያዝሽበትን፣ ከሚላኖ ሮም የምትሄጂበትን፣ እሑድ ማታ የምትመለሺበትን ሁሉ በግልጽ አስገቢ። ሽርሽር መሆኑን አትደብቂ፤ ሽርሽር ወንጀል አይደለም። የተደበቀ ቀን ነው የሚያስጠረጥረው። የአየር መንገዳችን ሚላኖም ሮምም ይበራል፤ በአንዱ ገብተሽ በሌላው መውጣት ትችያለሽ። ትኬቱን ግን ቪዛው ሳይመታ ገንዘብ አትክፈዪበት፤ ማስያዝ ይበቃል።

ልጅቷ፦ ገንዘቡስ? የኛ ካርድ እዚያ ይሠራል?

አክስት፦ ካርድ ላይ ተማምነሽ አትሂጂ። ቪዛሽንና ትኬትሽን ይዘሽ ባንክ ሂጂ፤ ለመንገደኛ ምንዛሪ ይሸጣሉ። የብሩ ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዩሮ ምን እንደሆነ አትጠይቂኝ፤ እኔ በዚያው ዓመት ነው ቁጥር መከታተል ያቆምኩት። ለአልጋ ደግሞ ካዛ ፔር ፌሪዬ የሚባሉትን ፈልጊ። መነኮሳት የሚያስተዳድሯቸው የእንግዳ ማረፊያዎች ናቸው። ንጹሕ ናቸው፣ ለብቻዋ ለምትሄድ ሴት ሰላም አላቸው።

ልጅቷ፦ እኔ ሂጃብ ለብሼ መነኮሳት ዘንድ?

አክስት፦ እነሱም ተሸፋፍነው ነው የሚሄዱት፤ ማን ማንን ያያል? ሃይማኖትሽን የሚጠይቅሽ የለም። የሚያስቸግርሽ በሩ ነው፤ ብዙዎቹ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ይዘጋሉ። ሲይዙልሽ ሰዓቱን ጠይቂ።

መምህር፦ እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። ለምን ብቻሽን? ከሥልጠናው ጓደኞችሽ አንዷ አትኖርም?

ልጅቷ፦ አሉ። እነሱ ሚላኖ ቀርተው ዕቃ ሊገዙ ነው።

አክስት፦ መምህር፣ ይኼን ጥያቄ ወንድ ልጅን አይጠይቁትም ነበር።

መምህር፦ ኧረ እጠይቀዋለሁ! ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ተብለን ነው ያደግነው። እኔ አሁን ይህን ቡና ብቻዬን መጠጣት አቅቶኝ አይደል እናንተ ዘንድ የመጣሁት?

አክስት፦ እውነት ነው። እኔም ሮም መጀመሪያ የገባሁ ጊዜ የከበደኝ ሥራው አልነበረም። ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ዕረፍታችን ነበር፤ ያኔ ነው የሚከብደው። ሁላችንም ተርሚኒ ጣቢያ አካባቢ እንሄዳለን፣ አበሻ ከአበሻ ይገናኛል፣ ደመወዝ ይቆጠራል፣ ለቤት የሚላክ ይላካል፣ ይመሻል። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ዓመታት ኖሬ ኮሎሲየም ውስጥ የገባሁት ለመመለስ ጥቂት ቀን ሲቀረኝ ነው። በአውቶቡስ በአጠገቡ ስንት ጊዜ አልፌያለሁ፤ ወርጄ የማየው የሀብታም ነገር ይመስለኝ ነበር። የመጨረሻዎቹን ቀኖች ብቻዬን ዞርኩ። ማንንም ሳልጠብቅ፣ ማንም ሳይጠብቀኝ። አሮጊቷ መድኃኒቷን ዋጠች አልዋጠች አላልኩም፤ የፈለግሁበት ቆምኩ፣ ሲሰለቸኝ ሄድኩ። ይህቺ ልጅ ፋብሪካ ውስጥ በሰዓት ትገባለች በሰዓት ትወጣለች፤ ቤት ስትገባ ደግሞ እንግዳ አለ፣ ለቅሶ አለ፣ ዕቁብ አለ። ሦስት ቀን የማንም ያልሆነች ብትሆን ምን ይጎድልብናል?

መምህር፦ እንዲህ ካልሽማ ዝም አልኩ።

አክስት፦ ይጠራጠሩኛል፤ እርስዎ ዝም አይሉም።

ልጅቷ፦ ብቻዬን ምግብ ቤት መቀመጡ ግን ያሳፍረኛል።

አክስት፦ አትቀመጪማ፤ ቁሚ! እዚያ ቡና ቤት ውስጥ ሰው የሚጠጣው ቆሞ ነው። ትገቢያለሽ፣ ብዙ ቦታ መጀመሪያ ገንዘብ ተቀባይዋ ጋ ትከፍያለሽ፣ ስኮንትሪኖ ይሰጡሻል፤ ደረሰኙ ነው። እሱን ባንኮኒው ላይ ታኖሪና የምትፈልጊውን ትያለሽ። ሁለት ጉንጭ ጠጥተሽ ትወጫለሽ። ሁሉም ብቻውን ነው የሚጠጣው፣ ማንም አያይሽም። ወንበር ስበሽ ከተቀመጥሽ ግን ያው ቡና ዋጋው ይጨምራል። ደግሞ ማኪያቶ ስትይ ይኼ ከፊትሽ ያለው እንዳይመስልሽ። ይኼ በብርጭቆ ሆኖ ወተቱ ከታች፣ ቡናው ከመሃል፣ አረፋው ከላይ ተደራርቦ ይታያል፤ ጠቆር አድርገው ነጣ አድርገው ይባላል። እዚያ በትንሽ ስኒ ግማሽ የሞላ ድፍን ጥቁር ቡና ነው፤ አናቱ ላይ በማንኪያ ጫፍ አረፋ ጠብ አድርገውበት። የኛን ዓይነት ካማረሽ ካፑቺኖ በያቸው። ላቴ ብቻ ካልሽ ደግሞ ባዶ ወተት ነው የሚሰጡሽ።

መምህር፦ ማኪያቶውን ከእነሱ ወስደን አሳደግነው በያ።

አክስት፦ ምሳ ላይ ተጠንቀቂ። ሮም በካርቦናራና በአማትሪቻና ነው የምትኮራው፤ ሁለቱም ውስጥ ጓንቻሌ የሚሉት የአሳማ ጉንጭ አለ። ካቾ ኤ ፔፔ እዘዢ፤ ፓስታ በፔኮሪኖ አይብና በቁንዶ በርበሬ ብቻ ነው። ከደፈርሽ ከሻንጣሽ ሚጥሚጣ ጣል አድርጊበት፤ አስተናጋጁ ሲዞር።

ልጅቷ፦ እንጀራስ?

አክስት፦ ተርሚኒ አካባቢ የአበሻ ምግብ ቤት አታጪም። ግን ሦስት ቀን እንጀራ ባትበዪ አትሞቺም። እንጀራ ፍለጋ ከሄድሽ ቀኑ እዚያው በወሬ ያልቅና ሮም ሄድኩ ብለሽ ደሴ ውለሽ ትመለሻለሽ።

መምህር፦ እኔ ደግሞ የማዝዝሽ አለኝ። ተርሚኒ ስትደርሺ ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለው አደባባይ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ነው የሚባለው። አምስት መቶዎቹ እነማን እንደሆኑ ታውቂያለሽ?

ልጅቷ፦ አላውቅም።

መምህር፦ ራስ አሉላ በጥር 1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ የደመሰሷቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። ለእነሱ መታሰቢያ ከግብፅ የመጣ የራምሴስ ሐውልት አቆሙላቸው፤ አሁን ከጣቢያው ጥቂት ራቅ ብሎ ዛፎች መሃል ነው ያለው። በወረራው ጊዜ ከአዲስ አበባ የዘረፉትን የይሁዳ አንበሳ አምጥተው እዚያው ሐውልት ሥር አኖሩት። ዘርዓይ ደረስ በሰኔ 1930 ዓ.ም. ሰይፍ የመዘዘው እዚያ ነው። ዝርዝሩን የታሪክ ሰዎች ዛሬም ይከራከሩበታል፤ አንበሳው ግን ተመልሶ ለገሃር ቆሟል፤ አዲስ አበባ ስትሄጂ አይተሽዋል።

ልጅቷ፦ ሁልጊዜ ታክሲ የምጠብቀው በዚያ በኩል ነው!

መምህር፦ አየሽ። ከተርሚኒ በምድር ውስጥ ባቡሩ፣ በቢ መስመር፣ ሦስተኛው ፌርማታ ቺርኮ ማሲሞ ነው። ስትወጪ ፖርታ ካፔና አደባባይ ላይ ነሽ። የአክሱም ሐውልት እዚያ ነበር የቆመው፣ ለቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ተብሎ በተጀመረው ሕንፃ ፊት ለፊት። ሕንፃው ዛሬ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ነው። ሐውልቱ በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን ተመለሰ፤ በነሐሴ 2000 ዓ.ም. አክሱም ላይ ቆመ። ከዚያ ወደ ላተራኖ ብትሄጂ አምባ አራዳም የሚባል መንገድ አለ፤ በ1928 የራስ ሙሉጌታን ጦር በመርዝ ጋዝ የፈጁበት ተራራ።

አክስት፦ እኔ ከምሠራበት ቤት ወጥቼ በጣና ሐይቅ መንገድ ታጥፌ ነበር አውቶቡስ የምይዘው። ሰፈሩ በሙሉ የኛ ስም ነው። ኢትዮጵያ ጎዳና፣ ኤርትራ ጎዳና፣ ሶማሊያ ጎዳና። ሰዎቹ ግን ስሙ ከየት እንደመጣ ብትጠይቂያቸው ትከሻቸውን ነው የሚነቀንቁት። አሮጊቷ አንድ ቀን «ጣና የት ነው?» ብላኛለች፤ ዕድሜዋን ሙሉ እዚያ ኖራ።

ልጅቷ፦ መምህር፣ እንዲህ ከሆነ ሦስቱን ቀን ስናደድ ነው የምውለው። እኔ ትንሽ ደስ ሊለኝ ነበር የምሄደው።

መምህር፦ ደስ አይበልሽ አላልኩም። ግን ልጄ፣ የተቀመጥሽበትን ቦታ እይ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ይህችን ከተማ አነደዷት። ንጉሠ ነገሥቱ እዚሁ ነበሩ። የቀይ መስቀል ምልክት የተነጠፈበት ሆስፒታል እንኳ አልቀረም። ከዚያ ገብተው አምስት ዓመት ተቀመጡ፣ መንገዱን ጠረቡ፣ ጣርማ በርን በሱ፣ ሰፈሩን ፒያሳ አሉት። በሚያዝያ 1933 ኮምቦልቻና ደሴ ላይ ተሸንፈው ወጡ። ስሙ ቀረ። ከደሴ ፒያሳ ተነስቶ ሮም የሚሄድ ሰው ይህን ሳያውቅ ኮሎሲየም ፊት ፎቶ ተነስቶ ቢመለስ እኔን ያሳፍረኛል።

አክስት፦ ይወቅ። ማወቅ ግን ቀኑን ሁሉ ማልቀስ አይደለም። እርስዎ ያሉት ሁሉ በአንድ መስመር ላይ ነው፤ ኮሎሲየም ራሱ ከቺርኮ ማሲሞ በፊት ያለው ፌርማታ አይደል? ቅዳሜ ጠዋት የዶጋሊን ሐውልት ታያለች፣ ፖርታ ካፔና ሄዳ ሐውልታችን የነበረበትን ባዶ ቦታ ታያለች፣ ከዚያ አንድ ፌርማታ ተመልሳ ኮሎሲየም ትገባለች። ትኬቱን ቀድማ በስሟ ትግዛ፤ መታወቂያ ያያሉ፣ በር ላይ መግዛት አበሳ ነው። በዚያው ትኬት ፎሮም ውስጥ ትገባለች። ከምሳ በኋላ ያለው የእሷ ነው። በቃ።

መምህር፦ ባዶ ቦታው ግን ባዶ አይደለም አሁን። ለመስከረም አንዱ የኒው ዮርክ ሙታን መታሰቢያ ሁለት ጥንታዊ ዓምዶች ተክለውበታል።

አክስት፦ እንግዲህ እነሱም ሰው ናቸው።

ልጅቷ፦ ዓርብስ? ጁምዓ የት እሰግዳለሁ?

አክስት፦ ታላቁ መስጊድ። ከፍላሚኒዮ አደባባይ በከተማ ባቡር ትሄጃለሽ፤ ካምፒ ስፖርቲቪ የሚባለው ፌርማታ ላይ ትወርጃለሽ። በ1995 እንደ ፈረንጆቹ የተከፈተ ነው፤ ፓኦሎ ፖርቶጌዚ የሚባል አርክቴክት ነው የሠራው። ውስጡ ያሉት ምሰሶዎች ከላይ ተከፋፍለው እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ይጠላለፋሉ። ብዙ ቱሪስት አያውቀውም። እኔ ብቸኝነቴ የቀለለኝ እዚያ ነው። ሞሮኮው፣ ባንግላዲሹ፣ ሶማሌው አንድ ላይ ሲሰለፍ፣ ማን ከማን ጋር እንደመጣ አይለይም።

መምህር፦ ከወሎ ሮም ስትሄጂ ደግሞ የመጀመሪያዋ አይደለሽም። አባ ጎርጎርዮስን ታውቂያቸዋለሽ? የመካነ ሥላሴ ሰው ናቸው፣ የዛሬው ደቡብ ወሎ። በቫቲካን ቅጥር ውስጥ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ጀርባ፣ ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት የተሰጠ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ እንደ ፈረንጆቹ በ1649 አባ ጎርጎርዮስን ያገኛቸው እዚያ ነው። የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1698 ለአውሮፓ ያሳተመው ሰውዬ፣ አማርኛውን የተማረው ከአንድ የወሎ መነኩሴ ነው። ከዚያም በፊት፣ በ1548፣ አባ ተስፋ ጽዮን እዚያው ሆነው ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳትመዋል። ዛሬም ኢትዮጵያዊ ኮሌጅ በቅጥሩ ውስጥ አለ።

ልጅቷ፦ ገብቼ ማየት እችላለሁ?

መምህር፦ እንደ ሌላው ቤተ ክርስቲያን ዘው ተብሎ አይገባበትም፤ ቅጥሩ ውስጥ ነው። ግን የጴጥሮስን ጉልላት ስታዪ ከጀርባው ማን እንዳለ አስቢ።

አክስት፦ ጴጥሮስን እሑድ እይው፤ መግቢያው ነፃ ነው። ትከሻና ጉልበት መሸፈን ግዴታ ነው፤ አንቺን አይመለከትሽም። የቫቲካን ሙዚየም ግን ከወሩ የመጨረሻ እሑድ በቀር እሑድ ዝግ ነው፤ እሱን ተዪው። ከተርሚኒ 64 ቁጥር አውቶቡስ ይወስድሻል፤ ኪስ አውላቂም አብሮ ይሳፈራል። ቦርሳሽን ከፊትሽ አድርጊ። ለአውቶቡሱ ትኬት 1.50 ዩሮ ነው፣ 100 ደቂቃ ይሠራል፤ ስትሳፈሪ ማሽኑ ላይ ማስመታት እንዳትረሺ።

ልጅቷ፦ ማታ ማታ ምን አደርጋለሁ? የምፈራው እሱን ነው።

አክስት፦ ትሄጃለሽ! ጀምበር ስትጠልቅ ከተማው በሙሉ ይወጣል፤ ሽማግሌው፣ ሕፃኑ፣ ውሻው። ሥራ የለውም፤ ብቻ ይሄዳል። ናቮና አደባባይ ግቢ፤ ርዝመቱ የድሮ የሩጫ ስታዲየም ቅርጽ ነው። ውሃ አትግዢ፤ በየመንገዱ ናዞኔ የሚሉት የብረት ቦኖ አለ፣ ሌት ተቀን ይፈሳል። ጎንበስ ብለሽ አትጠጪ፤ የቧንቧውን አፍ በጣትሽ ድፈኚው፣ ከላይ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ውሃው ወደ አፍሽ ይዘላል። መጀመሪያ ቀን ፊትሽን ያጥበዋል፣ ሁለተኛው ቀን ሮማዊት ትሆኛለሽ። የስፔኑ ደረጃ ላይ ግን እንዳትቀመጪ፤ እንደ ፈረንጆቹ ከ2019 ወዲህ ያስቀጣል። ትሬቪ ፏፏቴ ሳንቲም ከወረወርሽ ደግሞ አትቆጪ፤ ሳንቲሙ ተለቅሞ ካሪታስ ለሚረዳቸው ድሆች ነው የሚሄደው። ሰደቃ ነው ብለሽ ወርውሪው።

መምህር፦ የጫማ ቁጥር የሚሰጧት ዘመዶች ነገርስ?

አክስት፦ አንድም እንዳትቀበዪ። እናትሽ እንኳ ብትሆን። በሦስት ቀን የሰባት ሰው ጫማ ስትፈልጊ የሮምን ሱቅ እንጂ ሮምን አታዪም።

ልጅቷ፦ እማዬ የምትጠይቀኝ ስለ ጫማ አይደለም። «ከማን ጋር ነሽ?» ነው የምትለኝ። ብቻዬን ነኝ ካልኳት አትተኛም።

መምህር፦ ከሥልጠና ጓደኞችሽ ጋር ነኝ በያት።

አክስት፦ ውሸት አያስተምሯት! እኔ እነግራታለሁ። ልጅሽ ብቻዋን ናት፣ አልጋዋ መነኮሳት ቤት ነው፣ በሩ በአምስት ሰዓት ይዘጋል እላታለሁ።

ልጅቷ፦ መነኮሳት ቤት ስትያት ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል።

አክስት፦ እሱንም እኔ እመልሳለሁ። አንቺ ሰኞ አዲስ አበባ ውረጂና ቀጠሮ ያዢ። መምህር፣ እርስዎ ሂሳቡን ልክፈል እያሉ ኪስዎን አይነካኩ፤ ዛሬ እኔ ነኝ።